ትኬት ያልቆረጠችው እናት

ዛሬ ጠዋት ሱቄን ከፍቼ የበርበሬውን ጆንያ ከመጋረጃው ጀርባ እየጎተትኩ ሳለ ስልኬ ጠራ። ከደሴ ነው። ደዋዩ ከሰላምታው ቀጥሎ፣ «ጋሽ ያሲን፣ መቼም አንተ እዚያ አገር ትልቅ ሰው ነህ» አለኝ። አቡዳቢ ስኖር የተማርኩት ነገር ቢኖር ይህ ነው፤ ሰው በማለዳ ደውሎ ትልቅ ሰው ነህ ካለህ ወይ ሽምግልና ሊልክህ ነው፣ ወይ ሰው ሞቷል።

ሰው ሞቷል። አል ሪም ደሴት ላይ ካሉት ረጃጅም ፎቆች በአንዱ እንግዳ ተቀባይ ሆና የምትሠራ ሀያት የምትባል ልጅ አለች። ትናንት አባቷ አርፈዋል። የደወለው ታላቅ ወንድሟ ነው። ለእረፍት ልትመጣ ሁለት ወር ቀርቷታል፣ እስከዚያ እንዳትሰማ አድርግልን፣ ጓደኞቿ ስልካቸው ላይ የነፍስ ይማር ነገር እንዳይለጥፉ አስጠንቅቅልን፣ እኛ አባባ ስልክ የማይሠራበት ቦታ ለሕክምና ሄዷል እንላታለን አለኝ። መልሼ እደውላለሁ ብዬ ዘጋሁት። ከዚያ ጆንያው ላይ ተቀመጥኩ። በርበሬ አጠገብ የተቀመጠ ሰው ዓይኑ ቢያነባ ምን ሆንክ የሚለው የለም።

ትዝ ያለኝ ጋሽ ኃይሉ ነው።

ያኔ ሃያ አራት ዓመቴ ነበር። ሱቅ አልነበረኝም፤ ሱቄ እጄ ላይ ነበር የሚንጠለጠለው። ሽቶውን፣ ሻርፑን፣ ከአገር ቤት የሚመጣውን በርበሬና ሽሮ በሁለት ሻንጣ ጠቅጥቄ በየቪላው የጓሮ በር እዞራለሁ። የአገሬ ሴቶች የሚወጡት በጓሮ በር ነዋ። ከሁሉ የሚበልጠው ሸቀጤ ግን ስልኬ ነበር። በዚያን ጊዜ የራሷ ሞባይል ያላት የቤት ሠራተኛ ጥቂት ናት፤ ጁምዓ ጁምዓ በኔ ስልክ ወደ አገር ቤት ይደውላሉ፣ እኔ ሰዓቴን እያየሁ እቆማለሁ። እናትና ልጅ ሲላቀሱ ሰዓት እያዩ መቆም ምን ዓይነት እንጀራ እንደሆነ የሚያውቀው የበላው ብቻ ነው።

ጋሽ ኃይሉ አል ባጢን ውስጥ የአንድ ትልቅ ቤተሰብ ሹፌር ነበር። ሃምሳን የተሻገረ፣ አጠር ያለ፣ ሆዱ ገፋ ያለ፣ ፊቱ እንደ ላስቲክ የሚለጠጥ ሰው። ጠዋት ልጆቹን ትምህርት ቤት ያደርሳል፣ ከሰዓት ይመልሳል፣ በመካከሉ መኪና ያጥባል። መጀመሪያ ያገኘሁት ቀን ጋራዡ ውስጥ ሁለት ሰዎች ሲጣሉ ሰማሁ። አንዱ ሽማግሌ ነው፣ ይንተባተባል፤ ሌላው ጎረምሳ ነው፣ ያሾፍበታል። ቋንቋው አይገባኝም፣ ግን ጠብ በየትኛውም ቋንቋ ጠብ ነው። ሻንጣዬን አስቀምጬ ልገላግል ገባሁ። ውስጥ ያለው አንድ ሰው ብቻ ነው፤ እርጥብ ጨርቅ ይዞ የመኪና ጎማ ላይ ጎንበስ ብሏል።

«ሌላውስ?» አልኩት።

«እሱም እኔ ነኝ» አለኝ። «ግባ፣ ጥላ ውስጥ ቁም።»

ታሪኩን ቀስ በቀስ ነው የነገረኝ። በወጣትነቱ ድምፁን ሰምተው ለሙዚቃ ትምህርት ወደ ምሥራቅ አውሮፓ ላኩት። ትምህርቱን ሲጨርስ በአንዲት ትንሽ ከተማ ኦፔራ ቤት ተቀጠረ፤ አሥራ ስድስት ዓመት ዘፈነ። ኦፔራ ምንድነው ብዬ ስጠይቀው፣ «ሰው ጨው አቀብለኝ ለማለት እንኳ የሚዘፍንበት ቲያትር ነው» አለኝ። የሱ ድምፅ ቴነር ይባላል፤ ከወንድ ድምፅ ቀጭኑ። ቴነር ግን ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው ልጅቷን የሚያፈቅረው፣ ጎራዴ የሚመዘው፣ ሲሞት እንኳ ሩብ ሰዓት ዘፍኖ የሚሞተው ነው። ሕዝቡ ትኬት የሚቆርጠው ለሱ ነው። ሁለተኛው በር የሚከፍትለት ነው።

«እኔ በር ከፋቹ ነኝ» ይል ነበር ጋሽ ኃይሉ፣ ሲናገር ግን የሚያፍር ሰው አይመስልም። ባለ መጠጥ ቤት ሆኗል፣ ነገር አሳባቂ አሽከር ሆኗል፣ ሰላይ፣ የሰከረ መነኩሴ፣ የዳኛ ጸሐፊ፣ ቀሚስ ለብሶ አሮጊት ሞግዚት ሳይቀር። በአሥራ ስድስት ዓመት ውስጥ ስንቴ በጥፊ እንደተመታ፣ ስንቴ በመስኮት ተወርውሮ ፍራሽ ላይ እንዳረፈ ቁጥሩን አያውቀውም። መድረክ ላይ አንድ ጊዜም ልጅቷን አላገባም። እንደ ነጋዴ ሳስበው እንዲህ ነው የገባኝ፤ መስታወቱ ውስጥ የሚሰቀለው የሐር ቀሚስ አለ፣ መደርደሪያው ሥር ደግሞ ጨውና ክብሪት አለ። ጨው ፍለጋ ብሎ ከሩቅ ሰፈር የሚመጣ የለም። ጨው የሌለበት ሱቅ ግን ሱቅ አይደለም።

አንድ ሕግ ነበረው። «ግባ፣ ያንተን ሥራ፣ ሳይጠግቡህ ውጣ።» የሱ ዓይነት ዘፋኝ ከተመደበለት ሦስት ደቂቃ አንዲት ትንፋሽ ካስረዘመ የዋናውን ሰው መድረክ ሰረቀ ማለት ነው፤ በሚቀጥለው ዓመት አይጠሩትም። እሱ አሥራ ስድስት ዓመት አስረዝሞ አያውቅም። ከዚያ በዚያ አገር መንግሥት ተለወጠ፣ ኦፔራ ቤቱ ተዘጋ። «አገሬ ገብቼ ሙያህ ምንድነው አሉኝ፤ ነገርኳቸው። ሌላስ አሉኝ። መንዳት እችላለሁ አልኩ» ብሎ ጨርቁን ይጨምቃል።

ጁምዓ ከሶላት በኋላ በጋራ ታክሲ ወደ አል ዓይን እሄድ ነበር። ያንን መንገድ እስከ ዛሬ እወደዋለሁ። የባሕሩ ወበቅ ይቀርና አየሩ ይደርቃል፣ ሸሚዝህ ከጀርባህ ይላቀቃል። አሸዋው መጀመሪያ ነጭ ነው፣ ቀጥሎ ቡናማ ይሆናል፣ አል ዓይን ስትቃረብ እንደ ተፈጨ በርበሬ ይቀላል። መሀል መንገድ ነዳጅ ማደያው ጋ ከረክ ሻይ እንጠጣለን፤ ከሻይነቱ ወተትነቱ፣ ከወተትነቱ ስኳርነቱ ይበልጣል። ሹፌሩ ቶሎ ጨርሱ ይላል፣ እሱ ግን ሁለተኛውን ያዛል።

አል ዓይን፣ ጀበል ሃፊት ከሚባለው ተራራ ግርጌ፣ እትዬ ዘይነብ ትሠራ ነበር። የኮምቦልቻ ሴት ናት፤ ሰፈራችን አንድ ነው። ባሏ ቀድሞ ሞቷል፤ ያላት አንድ ልጅ ሰኢድ ነው። እሱን ለማስተማርና ቤት ለመሥራት ነው የመጣችው። የማዳሟን ሁለት ልጆች ጡት ከማስጣል አንስቶ ያሳደገቻቸው እሷ ናት። ጓሮው ውስጥ የቴምር ዛፍ አለ፤ በዚያ አገር የሙቀት ወራት እሸቱ ሲበስል በሰሐን ታቀርብልኛለች። ገና ያልደረቀ፣ አፍ ውስጥ እንደ ማር የሚቀልጥ ቴምር ነው። ከዚያ የተገለበጠ ሳጥን ላይ ትቀመጥና ስልኩን አደውልላታለሁ። ሰኢድ እዚያ ሰፈራችን ባለ ሱቁ ጋ ቀጥሮ ይጠብቃታል። «ሰይዶ፣ በልተሃል?» ነው መጀመሪያ የምትለው። ሁልጊዜ።

በግንቦት መጨረሻ የሰኢድ አጎት ደወለልኝ። ሰኢድ የተሳፈረበት የጭነት መኪና ቁልቁለት ላይ ተገልብጦ ሞቷል፣ ቀብረነዋል አለኝ። ለዘይነብ ግን እንዳትነግር። ኮንትራቷ ሊያልቅ አራት ወር ቀርቷታል፤ ሰው ቤት፣ ብቻዋን፣ ማን አቅፎ ያስለቅሳታል? ትምጣና በወገኗ መሀል መርዶዋን እንነግራታለን። እኔም ልክ ነው አልኩ። አገራችን እንዲህ ነው፤ ብቻውን ላለ ሰው ሞት አይነገርም። ሽማግሌ ተሰብስቦ፣ በማለዳ፣ የሚይዝ እጅ በተዘጋጀበት ነው። ደግ ልማድ ነው። ደግ ልማድ ስልክ ከመምጣቱ በፊት የተሠራ መሆኑን ግን ማናችንም አላሰብንም።

በመጀመሪያው ጁምዓ መስመሩ ተበላሽቷል አልኳት። በሁለተኛው እህል ሊያመጣ ገጠር ወርዷል አልኳት። በሦስተኛው ቴምሩን አላቀረበችልኝም። ፊቷ ከስቷል፣ አንገቷ ላይ ያለው አጥንት ወጥቷል።

«ያሲኖ» አለችኝ፣ «የሚቀጥለው ጁምዓ ድምፁን ካልሰማሁ ከዚህ ቤት ወጥቼ እሄዳለሁ።»

ያለ ካፊሏ፣ ያለ አስመጪ አሠሪዋ፣ ፈቃድ ጠፍታ ብትወጣ ምን እንደሚመጣባት ሁላችንም እናውቃለን፤ ኢቃማው፣ የመኖሪያ ፈቃዱ፣ ይሰረዛል፣ እስር አለ፣ የሠራችበትም ይቀራል። በመንገዱ ሁሉ እሱን ሳሰላስል አቡዳቢ ገባሁ። ሻንጣዬ ውስጥ አንድ ካሴት ነበር። በዚያን ዘመን ፊደል ላልቆጠረች እናት ደብዳቤ የሚላከው በካሴት ነው፤ ሰኢድ አንድ ገጽ ሙሉ አውርቶ ልኮላታል፣ እሷም ደጋግማ ሰምታው ሊበጠስባት ስለሆነ አስገልብጥልኝ ብላ የሰጠችኝ ከመሞቱ ሁለት ሳምንት በፊት ነው። ያን ካሴት ይዤ አል ባጢን ሄድኩ።

ጋሽ ኃይሉ በሰኢድ ድምፅ አናግርልኝ ስለው በእምቢታ ራሱን ነቀነቀ። «መድረክ ላይ ሌላ ነው፣ ያሲን። ትኬት የቆረጠ ሰው እንደምዋሸው ያውቃል፤ አውቆ ነው የመጣው። እሷ ትኬት አልቆረጠችም።»

ይህን ያኔ በደንብ ብሰማው ኖሮ ዛሬ የምጽፈው አይኖረኝም ነበር። እኔ ግን ነጋዴ ነኝ፣ እምቢ ካለ ሰው ጋር ነው ሥራዬ። ከስታለች አልኩት። ጠፍታ ትሄዳለች አልኩት። ካሴቱን የመኪናው መቀመጫ ላይ አስቀምጬለት ሻንጣዬን ማዘጋጀት ጀመርኩ። ዕቃ ያልገዛ ሰው እጅ ላይ ዕቃ ትተህ ዞር ማለት የቆየ ዘዴ ነው።

በሦስተኛው ቀን ስመለስ መኪናው ውስጥ ተቀምጦ፣ መስታወቱን ዘግቶ፣ ካሴቱን እየሰማ ነው። ሰኢድ የሚለውን አይደለም የሚያዳምጠው፤ የት እንደሚተነፍስ ነው። ልጁ ነገር ሲለምን ጉሮሮውን ይጠርጋል፤ ሲያፍር የመጨረሻውን ቃል ይውጣል፤ ሳቁ በአፍንጫው ነው። የወሎውን ዜማ ከቤቱ ምግብ አብሳይ ጋር ሽንኩርት እየላጠ አጥንቷል። በሩን ከፍቼ ስቀመጥ ወደ እኔ ዞሮ፣ «ያሲኖ፣ ሲጋራህን ተው አላልኩህም?» አለኝ። ወንበሩ ላይ ደርቄ ቀረሁ። ሰኢድን ልጅ ሆኖ አውቀዋለሁ፤ ሳድግ አዝዬዋለሁ። ሬሳ ነው ያናገረኝ።

«አንድ ጊዜ ብቻ» አለኝ፣ ወደ ወትሮው ድምፁ ተመልሶ። «ገብቼ እወጣለሁ።»

ጁምዓ፣ የቴምሩ ዛፍ ሥር ሆኜ የጋሽ ኃይሉን ቁጥር መታሁና ስልኩን ሰጠኋት። የዚያን ጊዜ ስልክ ጆሮ ላይ ቢለጠፍም ሰፈር ያሰማል።

«ሰይዶ? በልተሃል?»

ጉሮሮ ተጠረገ። «በልቻለሁ፣ እማ።»

«ድምፅህ ምን ሆነ?»

«ብርድ መቶኝ ነው።»

«ሹራቡን አትለብስማ። አውቄህ።»

«ለብሼዋለሁ።»

«ዋሸህ» አለችና ሳቀች። ሦስት ሳምንት የደረቀ ፊት ሲስቅ እንደ መሬት ይሰነጠቃል፤ ጉንጯ ላይ እንባው በየስንጥቁ ወረደ። ሁለት ደቂቃ አልሞላም፣ ሱቁ ሊዘጋ ነው ብሎ ተሰናበታት። ስልኩን ስትመልስልኝ ቴምሩን በሰሐን ሳይሆን በከረጢት ነበር የሰጠችኝ፣ ለመንገድ ብላ። ዓይኔ እያየ አንዲት ሴት ከሞት ተመልሳ እህል ቀመሰች። ይህን ያየ ሰው ጥፋት ሠራሁ ብሎ አያስብም።

ሁሉን ለጋሽ ኃይሉ ነገርኩት፤ መሳቋን፣ ማልቀሷን፣ መብላቷን።  እሮብ ዕለት እሱ ነው የደወለልኝ፤ «ጁምዓ አል ዓይን ትሄዳለህ አይደል?» አለ።

እንዲህ ሆኖ የሙቀቱ ወራት አለፈ። በየሳምንቱ የሚለውን አስቀድሞ እያዘጋጀ፣ ጢሙን ሳይቀር ተላጭቶ ይጠብቃል፤ በስልክ ማን እንደሚያየው እንጃ። ሁለቱ ደቂቃ አምስት ሆነ፣ አምስቱ ሃያ። ሰኢድ ጫት ቀነሰ። ሰኢድ ማታ ማታ መማር ጀመረ። ሰኢድ አንዲት ልጅ አየ፤ አፍሮ የመጨረሻውን ቃል ዋጠ። እኔም ንጹሕ አይደለሁም። እትዬ ዘይነብ ለዚያች ልጅ የሚሆን ሻርፕ ከሻንጣዬ መረጠች፣ አረንጓዴ፣ ጫፉ በወርቃማ ክር የተሠራ። ለሌለች ሙሽራ ሻርፕ ሸጥኩላት። በቅናሽ ነው የሸጥኩት፤ ያ ነው መከላከያዬ።

መስከረም ሲጠባ ማዳሟ ሁለት ዓመት ጨምሪልኝ አለቻት። ልጆቹ ሌላ ሰው አይለምዱም፣ ካስፈለገ ደሞዝ ይጨመር። እትዬ ዘይነብ ግን አንድ ነገር ልቧ ውስጥ ካለ የቤቱን ወንድ ሳትጠይቅ አትቆርጥም፤ የቤቱ ወንድ ደግሞ ሰኢድ ነው። ይህ እንደሚመጣ አውቄ ከጋሽ ኃይሉ ጋር ተነጋግረናል። ነይ ይላታል፤ ትሄዳለች፤ ወገኖቿ መርዶዋን ይነግሯታል፤ የኛም ሥራ ያበቃል። እንዲያውም ደጋግመን ተለማምደነዋል፤ «ነይ፣ እማ፣ ናፍቀሽኛል» ነው።

«ሰይዶ፣ ልምጣ ወይስ ልቆይ?» አለችው።

 መስመሩ የተቋረጠ መስሎኝ ነበር። ከዚያ ጉሮሮ ተጠረገ።

«ቆዪ፣ እማ። የቤቱን ጣሪያ እንጨርሰው።»

እሷ የኮንትራቱ ወረቀት ላይ አውራ ጣቷን ስታሳርፍ እኔ ንዴቴን እየዋጥኩ ታክሲ ውስጥ ነበርኩ። ያን ቀን መንገዱን አላየሁትም። አል ባጢን ደርሼ በሩን ሳላንኳኳ ገባሁና የማልደግመውን ሁሉ አልኩት። አባቴ ይሆናል፤ ያንን ቀን ግን እኩያዬ አደረግሁት። እስክጨርስ ጠበቀኝ።

«ነይ ብዬ ወዴት ልጥራት?» አለ። «መቃብሩ ጋ? በኔ አፍ?» ደግሞ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ቀጠለ፤ «ያሲን፣ ያን ሁሉ ዘመን መድረክ ላይ ስቆም እኔን ብሎ የመጣ ሰው አልነበረም። ይቺ ሴትዮ ሳምንቱን ሙሉ የምትጠብቀው እኔን ነው።»

 አንድ ትንፋሽ አስረዝሞ የማያውቀው ሰው ወደ ሦስት ወር መድረክ ላይ ቆይቷል፤ የዋናውን ሰው ቦታ ሰርቆ። ዋናው ሰው ደግሞ ከአፈር ሥር ነው፣ ውጣልኝ አይለውም።

የሰኢድ አጎት ፈርማ መቆየቷን ሲሰማ በቁጣ በስልኩ አልፎ ሊመጣብኝ ምንም አልቀረውም። ሁለት ዓመት እንዴት ይደበቃል? የልጁ አርባ አልፏል፣ ሰው ሁሉ ያውቃል፤ ነገ ከኮምቦልቻ የመጣች አንዲት ሴት ገበያ ላይ አግኝታ እግዜር ያጽናሽ ብትላትስ? እዚያው አል ዓይን ይነገራት ተባለ። ሐጂ ሙሄ የሚባሉ አዛውንት ነበሩ፣ የወሎ ልጆች ሁሉ የሚያከብሯቸው፤ እሳቸው ሊናገሩ ተስማሙ። ለማዳሟ እኔ ነገርኳት። ክፉ ትሆናለች ብዬ ፈርቼ ነበር። እንግዳ የሚቀበሉበትን ክፍል ከፈተችልን፣ ልጆቿን ወደ እህቷ ቤት ላከች።

ጋሽ ኃይሉ እኔም እመጣለሁ አለ። አትምጣ አልኩት፤ አፍህን የከፈትክ ቀን ታውቅሃለች። «አልከፍትም» አለ። «የሠራ ሰው ሲያልቅ ወጥቶ ይቆማል። ይጩኹበትም፣ ያጨብጭቡለትም። ወግ ነው።»

ጥቅምት ነበር። ከፈጅር ሶላት በኋላ ደረስን፤ አየሩ ቀዝቅዟል፣ ተራራው ላይ ገና ጭጋግ አለ፣ የቴምሩ ዛፍ ፍሬውን ጨርሷል። ሐጂ ሙሄ፣ እኔ፣ ሦስት የአገራችን ሴቶች፣ ጋሽ ኃይሉ። እሱ ጫማችንን ያወለቅንበት ቦታ፣ በሩ ሥር ተቀመጠ። እትዬ ዘይነብ እጇን በቀሚሷ እየጠረገች ገባች፤ ቁርስ እየሠራች ነበር። ሐጂን ስታይ ቆመች። ማለዳ ተሰብስቦ የመጣ ሽማግሌ ምን እንደሚይዝ የማያውቅ የአገራችን ሰው የለም።

«ማን ነው?» አለች።

ሐጂ ሙሄ ነገሯት። እንዴት አድርገው እንደተናገሩት አልጽፈውም። ሴቶቹ ያዟት። ማዳሟ መሬት ላይ አጠገቧ ተቀምጣ እግሯን በሁለት እጇ ይዛ ነበር። ብዙ ከጮኸች በኋላ ቀና አለች።

«መቼ?»

«ግንቦት» አሉ ሐጂ። «ግንቦት መጨረሻ። አብሽሪ፣ ልጄ።»

አየችኝ። እኔን ነው ያየችው። በጣቷ እየቆጠረች ሰኔ፣ ሐምሌ፣ ነሐሴ አለች።

«ያሲኖ፣ ባለፈው ጁምዓ ያወራሁት ከማን ጋር ነው?»

አንደበቴ እንጀራዬ ነው። ለቀዝቃዛ ሻይ ሙቅ ነው ብዬ መሸጥ እችላለሁ። ያን ቀን ግን አፌ ውስጥ ምላስ እንዳለ ረሳሁ። ሐጂ ሙሄ ስለ ስልኩ የሚያውቁት ነገር አልነበረም፤ እሳቸውም ወደ እኔ ዞሩ። ከዚያ ከበሩ ሥር አንድ ድምፅ ሰማሁ፤ ቀጭን፣ የደከመ፣ ማንንም የማይመስል። ያን ሁሉ ጊዜ ሳውቀው ጋሽ ኃይሉ በራሱ ድምፅ ሲናገር የሰማሁት ያኔ ነው ብል አልዋሽም።

«ከኔ ጋር ነው፣ እትዬ።»

ለረጅም ጊዜ አየችው። አጭሩን ሰውዬ፣ ሆዱን፣ ሽበቱን። ትጮህበታለች ብዬ ነበር፤ ሴቶቹም የያዟትን እጅ አጠበቁ። እሷ ግን እጇን አስለቅቃ በጉልበቷ እየሄደች አጠገቡ ደረሰች።

«ሳይሰናበተኝ ነው የሄደው» አለችው። «በሱ ድምፅ አንዴ ተሰናበተኝ።»

ጋሽ ኃይሉ ቀና ብሎ ተቀመጠ። ደረቱ ሲሞላ አየሁ፣ ትከሻው ሲስተካከል። ጉሮሮውን ጠረገ። አሥራ ስድስት ዓመት ሰዓቱ ደርሶ አንድም ጊዜ ሳይገባ የቀረ ሰው አይደለም። አፉን ከፈተ። ምንም አልወጣም። እንደገና ሞከረ፤ ትንፋሽ ብቻ ነው፣ ባዶ ቱቦ ውስጥ እንደሚያልፍ ነፋስ። ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ፣ ድምፅ የለም። ክፍሉ ውስጥ ያለነው ሁሉ ስንጠብቅ፣ እሱም ሲጠብቅ፣ አልመጣም።

እትዬ ዘይነብ ያንን ክፍት አፍ አየችው።

«እንግዲያው እውነት ነው» አለች። ቀስ ብላ። «ሞቷል።»

ያኔ ነው ያመነችው። ከዚያ በፊት የጮኸችው ለሐጂ ሙሄ ቃል ነበር፤ አሁን ያለቀሰችው ለልጇ ነው፣ ያለ ጩኸት። ጋሽ ኃይሉ ከደረት ኪሱ ካሴቱን አውጥቶ በሁለት እጁ ሰጣት። ጫማውን አንስቶ ሳያደርገው ወጣ፤ በመስኮቱ ሳየው በዚያ ማለዳ በባዶ እግሩ አሸዋው ላይ ቆሞ ነበር።

ከዚያ በኋላ ጋራዡ ውስጥ ጠብ ሰምቼ አላውቅም። መኪናውን ያጥባል፣ ጨርቁን ይጨምቃል፣ ልጆቹን ያመላልሳል። ስለ ኦፔራው ስጠይቀው፣ «የድሮ ነገር ነው» ይላል፣ ስለ ሌላ ሰው እንደሚያወራ። ከሦስት ዓመት በኋላ ሥራውን ለቆ አገሩ ገባ፤ ከዓመታት በኋላ ማረፉን ሰማሁ። ያ ሁሉ ባለ መጠጥ ቤት፣ ያ ሁሉ አሽከርና መነኩሴ ከሱ ጋር አንድ ጉድጓድ ገባ።

እትዬ ዘይነብ በእሱ ቃል የፈረመችውን ሁለት ዓመት ጨርሳ ነው የሄደችው። አውሮፕላን ማረፊያ የሸኘኋት እኔ ነኝ። ያንን አረንጓዴ ሻርፕ ራሷ ለብሳው ነበር። ሻንጣዋን ካስረከብን በኋላ፣ ያ ሰውዬ እንዴት ነው አለችኝ። ደህና ነው፣ ግን አይዘፍንም አልኳት። 

«በዚያ ድምፅ የሳቅኩትን ሳቅ አልመልስም በልልኝ» አለች። «የቀረውን ግን እግዜሩ ጋ እንተሳሰባለን።»

አደረስኩለት። ጨርቁን ጨምቆ ወደ መኪናው ዞረ።

እስከ ዛሬ የማልቆርጠው ነገር አለ። ያ አራት ወር ስጦታ ነበር ወይስ ስርቆት? ነጋዴ ሆኜ ብዙ ነገር መዝኛለሁ፣ ይሄ ግን ሚዛኔ ላይ አልቆም አለኝ። ከሳች ያልኳት ሴት በልታለች፤ እውነት ነው። እየሳቀች የኖረችባቸው ወሮች ግን ልጇን የምታለቅስባቸው ነበሩ፤ እነሱን ማንም አልመለሰላትም። ብቻዋን እንዳታለቅስ ብለን ብቻዋን አሳቅናት። አሁን ደግሞ ነገሩ ብሷል፤ የዛሬ ስልክ ድምፅ ብቻ አይበቃውም፣ ፊት ይጠይቃል። ፊትን ደግሞ ጋሽ ኃይሉ ከመቃብር ቢነሣም አይችለውም።

ከበርበሬው ጆንያ ላይ ተነሥቼ ደሴ ደወልኩ። አልደብቅም አልኩት። ወንድሟ ተቆጣ፣ ለመነ፣ ብቻዋን ናት እኮ ጋሼ አለ። ብቻዋን አትሆንም አልኩት፤ እኔ አለሁ፣ ባለቤቴ አለች፣ ጎረቤታችን ሰዓዳ አለች። ሱቁን ዘግቼ ሦስታችን ወደ አል ሪም ሄድን። አለቃዋን አስቀድሜ አነጋገርኩት፤ ከእንግዳ መቀበያው ጀርባ ያለችውን ትንሽ ክፍል ሰጠን።

ሀያት ከጠረጴዛዋ ጀርባ ሆና የመስታወቱ በር ሲከፈት በእንግሊዝኛ እንኳን ደህና መጡ ልትል ፈገግ ብላ ነበር። ሦስት የአገሯ ትልልቅ ሰዎች በሥራ ቀን፣ በጠዋት፣ አብረው ሲገቡ አየች። ፈገግታው ሳይወርድ ቆማ ቀረች። አጠገቧ ደረስኩ። ጉሮሮዬን ልጠርግ አልኩና ተውኩት።

«ልጄ» አልኳት፣ «ነይ ተቀመጪ። እኛ አለን።»